ለቆንጆው አውራ ዶሮ ምሕረት

ሴብራይት የሚባለው የእንግሊዞች አውራ ዶሮ ክብደቱ 620 ግራም ነው። ከነላባው፣ ከነአጥንቱ፣ ከነጩኸቱ። ሚስቱ ደግሞ 570 ግራም። ይህን ለጎረቤታችን ለእትዬ ስነግራቸው ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለስ አድርገው ጣራ ጣራውን እያዩ ዝም አሉ። ሒሳብ እየሠሩ ነበር። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አለው፤ ላባው ተነጭቶ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ በሎሚና በጨው ታሽቶ ሲካፈል ለአንድ ሰው ሠላሳ ግራም መድረሱም ያጠራጥራል።

“ታዲያ ምኑን ይበሉታል?” አሉኝ።

“አይበሉትም፣ እትዬ።”

“ለእንቁላሏ ነዋ የሚይዟት!”

“እንቁላሏም ትንሽዬ ናት። እሷንም የምትጥለው በስንት ልመና ነው። መታቀፍማ እምብዛም አይሆንላትም፤ እንቁላሏን ለሌላ ዶሮ ነው የሚያሳቅፉላት።”

“ሞግዚት ቀጥረውላት?”

“ሞግዚት ቀጥረውላት።”

“እና ለምንድን ነው የሚያረቧት?”

“ለማየት።”

እትዬ ስኒያቸውን አነሡ። “አይ ጥጋብ!” ብለው ፈረዱ።

በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ ልል ነው ብዕር ያነሣሁት። ጥጋቡን አልክድም። ነገሩን የጀመሩትም የለየላቸው ጥጋበኛ ናቸው። ሰር ጆን ሳንደርስ ሴብራይት (እ.ኤ.አ. 1767–1846) የሃርትፎርድሺር ባላባትና የፓርላማ አባል ሲሆኑ እንስሳ ማዳቀል ሱሳቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1809 ስለ እንስሳት ዝርያ ማሻሻል ጽሑፍ አሳትመዋል። ዳርዊን እንደሚተርክልን ከሆነ፣ እኚህ ሰው ስለ እርግቦቻቸው ሲናገሩ የፈለጉትን ዓይነት ላባ ለማውጣት ሦስት ዓመት እንደሚበቃቸው፣ ጭንቅላትና ምንቃር ግን ስድስት ዓመት እንደሚፈጅባቸው ይገልጹ ነበር። የጊዜ ሰሌዳ አውጥተው በሰሌዳው መሠረት ያስረክባሉ ማለት ነው፤ ይህ በእኛ ዘመን ተቋራጮች ዘንድ እምብዛም አልተለመደም።

ከዶሮ የፈለጉት ደግሞ ይህ ነበር፦ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ትሁን፣ እያንዳንዷ ላባዋ ወርቃማ ወይም ብርማ ይሁን፣ የላባዋ ዳር ዳሩ ሁሉ በጥቁር መስመር የተቀመቀመ ይሁን። ዓመታት ፈጀባቸው፣ ተሳካላቸው። ከዚያ ማኅበር መሠረቱ፤ አባላቱ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ ለንደን ውስጥ ግሬይስ ኢን በሚባለው ቡና ቤት እየተሰበሰቡ ዶሮዎቻቸውን ያወዳድሩ ነበር። እስቲ አስቡት፤ እኛ ማኅበር ስንጠጣ ዶሮው የሚቀርበው በድስት ነው። እነሱ ጋ ዶሮው ራሱ ማኅበርተኛ ነው።

ሴብራይት አንድ ሌላ ጉድ አለበት። ወንዱ የሴት ልብስ ነው የሚለብሰው። ሌላው አውራ ዶሮ ጅራቱ ላይ የሚያንጠለጥለው የተቆለመመ ረጅም ላባ፣ አንገቱ ላይ የሚነሰንሰው ሹል ሹሉ ላባ እሱ ጋ የለም። ሲጮህ ሰምታችሁ ዞር ብትሉ የምታዩት ቄብ ይመስላችኋል። ይህ ነገር ቶማስ ሀንት ሞርጋንን እንቅልፍ ነሣው። ሞርጋን በዝንብ ላይ ባደረገው የዘር ጥናት እ.ኤ.አ. በ1933 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ሳይንቲስት ነው። ከሽልማቱ ብዙ ዓመት በፊት አንድ እንዲህ ያለ አውራ ዶሮ ያዘና አኮላሸው። ሙክት የተደረገ ፍየል ቁጣው ይበርዳል፣ ይሰባል፣ ነገር ዓለሙን ይተዋል። የሞርጋን ዶሮ ግን ከተኮላሸ በኋላ ያበቀለው የለየለት የአውራ ዶሮ ላባ ሆነ፤ ጎፈሬውም መጣ፣ ጅራቱም መጣ። ወንድነቱ ሲሄድ የወንድ ልብሱ ደረሰለት። ምክንያቱ ጥርት ብሎ የታወቀው ዘግይቶ ነው። የሴብራይት ቆዳ የወንዱን ሆርሞን ወደ ሴት ሆርሞን ይለውጠዋል፤ የሆርሞኑ ምንጭ ሲቆረጥ የሴቱ ልብስም አብሮ ይቆረጣል። ይህን ክፍል ለእትዬ አልነገርኳቸውም።

ከኢንዶኔዥያው የባንተን ወደብ ስማቸውን ያገኙት ባንታም ዶሮዎች ሁሉ የየራሳቸው አመል አላቸው። የማሌዥያዋ ሴራማ ከግማሽ ኪሎ በታች ሆና ደረቷን ገልብጣ የምትቆመው አቋቋም የጦር አዛዥ ያስንቃል። የጃፓኑ ቻቦ ደግሞ እግሩ ከማጠሩ የተነሣ ሲራመድ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ጅራቱ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ ከአናቱ በላይ ያልፋል። የዚህ አጭር እግር ታሪክ የዶሮ አርቢዎችን ሥራ ከሁሉ ይልቅ ያስረዳኛል። አጭር እግር የሚያወርሰው ዘረ-መል ከአንዱ ወላጅ ብቻ ከመጣ ቁንጅና ነው፤ ከሁለቱም ከመጣ ጫጩቱ ቅርፊቱን ሳይሰብር ይሞታል። ስለዚህ ሁለት አጫጭር ቆንጆዎችን አጋብቶ ያሳቀፈ ሰው በአማካይ ከአራት ጫጩት አንዱን እዚያው እንቁላል ውስጥ ይቀብራል። ሁለቱ አጭር ይሆኑለታል። አራተኛው እግረ ረጅም ይወጣና ከውድድር ውጭ ይሆናል። ነገሩ የገባው አርቢ ግን እግረ ረጅሙን ለቢላዋ አይሰጥም። ከአጭሯ ጋር ያጋባዋል፤ በዚህ ጋብቻ በዚያ ሰበብ የሚሞት ጫጩት የለም፣ ግማሾቹም አጫጭር ሆነው ይፈለፈላሉ። ዳኛ ዘወር ብሎ የማያየው ዶሮ ነው የቆንጆዎቹን ቤት ያቆመው። ጃፓኖች ቻቦን የተፈጥሮ ቅርስ ብለው በመንግሥት መዝገብ አስፍረውታል።

እንግዲህ ዝርያ መጠበቅ ሲባል ከላይ ከላይ ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ ወደ ጓሮ ሲወርድ አንድ ጥያቄ ነው፦ የትኛው ይታረድ፣ የትኛው ይቅር?

የአክስቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ይኖራል። ጎረቤቱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጓሮው ውስጥ በሣጥን በሣጥን የተከፋፈሉ ባንታሞች አሉት። አንድ ሌሊት የአክስቴ ልጅ ደወለልኝና “አንተ፣ ሰውየው ዶሮዋን ፎን እየሠራት ነው” አለኝ። የሰከረ መሰለኝ። አልሰከረም። ለካ የውድድር ዋዜማ ኖሯል። በአንዱ ሳፋ ለብ ያለ ውኃና የሕፃን ሻምፖ፣ በሌላው የሚያለቀልቁበት፣ በሦስተኛው ንጹሕ ውኃ ይቀርባል። እግሯ በጥርስ ብሩሽ ይፈገፈጋል። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ቫዝሊን ይቀባል። ከዚያ በፎጣ ተጠቅልላ ፀጉር ማድረቂያ ይደረግላታል፣ ዓይኗን ጨፍና ትተኛለች። የእኛም ዶሮ በዋዜማው ትታጠባለች፤ በስንት ውኃ፣ በዱቄት፣ በሎሚ። ግን በሕይወት ኖራ አታጣጥመውም።

ይህ ሁሉ ማሽሞንሞን የመጣው ከደም ነው። እንግሊዞች ጥንት አውራ ዶሮ ለአውራ ዶሮ እያዋጉ የሚወራረዱ ሕዝብ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1835 ሕጉ ከለከላቸው። ዶሮ ይዞ መፎካከር የለመደ ሰው መቼም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ፉክክሩን ወደ ቁንጅና አዞረው። እ.ኤ.አ. በ1845 በለንደን የእንስሳት ማሳያ ግቢ የዶሮ ውድድር ተካሄደ፣ በ1865 ደግሞ የእያንዳንዱ ዝርያ መልክ ምን መምሰል እንዳለበት የሚደነግግ መጽሐፍ ታተመ። ከዚያ ወዲህ ነጭ ካፖርት የለበሰ ዳኛ ዶሮዋን ከሣጥን አውጥቶ ክንፏን ይዘረጋል፣ የላባዋን ጥቁር መስመር እስከ ጫፉ ይከተላል፣ ጣቶቿን ይቆጥራል። መስመሩ ከሳሳ ነጥብ ይቀነሳል። አናቷ ላይ ያለው ሥጋ ቅርጹን ከሳተ ደግሞ ይግባኝ የለም፣ ወድቃለች።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ጥብቅ ዳኛ የለም የሚል ካለ ጠንቋይ ቤት ሄዶ አያውቅም። “አንዲት ነጭ ላባ የሌለባት ጥቁር ዶሮ!” ብሎ የሚያዝዝ ሰው ከየትኛው የእንግሊዝ ዳኛ ያንሳል? ገብስማ ሲል ገብስማ ነው፤ ቀላ ያለ ቢያመጡለት ዛሩ ይቆጣል። እንቁጣጣሽ ሲደርስም በየቤቱ የቀለም ትእዛዝ ይወጣል፤ አባወራው “ነጭ እንዳታመጣ” ተብሎ ተመክሮ፣ ሾላ ገበያ ውስጥ ከዶሮ እግር ሥር እያጎነበሰ ላባ ሲገልጥ ይውላል። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ገብስማ፣ መላጣ አንገት ብለን ለየን፣ መረጥን፣ በዋጋ አበላለጥን። የውድድር ደንቡ በሙሉ አለን። የሚለየን ሽልማቱ ብቻ ነው። የእንግሊዙ አሸናፊ ሪባን አስሮ ወደ ሚስቶቹ ይመለሳል። የእኛ አሸናፊ እግሩን ታስሮ ወደ ቢላዋ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እናስብ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነውና። ከበዓል ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ገበሬው በጓሮው ያሉትን ኮርማዎች ይመለከታል። አንደኛው ትልቅ፣ ቀይ፣ ደረተ ሰፊ፣ እግሩ ቢጫ፣ ጩኸቱ ማዶ የሚሰማ ነው። ሁለተኛው ደህና ነው። ሦስተኛው ደግሞ ፈንግል ያጠቃው ይሁን ረኃብ የማይታወቅ፣ አንገቱን ሰብሮ ከጥግ ጥግ የሚዞር። ገበያ የሚወጣው ማን ነው? ቀዩ። ለምን ቢሉ ከተሜው ሊገዛ ሲመጣ በክንፉ አንሥቶ ይመዝነዋል፣ ደረቱን በጣቱ ይጫናል፣ ላባውን እፍ ብሎ ቆዳውን ያያል፣ ከሁሉም ውስጥ ዓይኑ የሚያርፈው በዚያ በተዋበው ላይ ነው። “ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት” ይባላል እንጂ በዋዜማ ገበያ የሚታለለው ገዢው ነው፤ ቢሆንም ገንዘቡን ቆጥሮ ቆንጆውን ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው በቀጣዩ በዓል ይከተላል። ጓሮው ውስጥ ማን ቀረ? ያ አንገተ ሰባራ። ጭልፊት የናቀው፣ ገበያ የናቀው፣ እመቤቲቱ እንኳ ለእንግዳ አርዳ ለማቅረብ ያፈረችበት። ማንም ሳይወዳደረው የሰፈሩን ሚስቶች ሁሉ ወረሰ። ከፋሲካ በኋላ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች አባታቸው እሱ ነው።

ከዚያ እኛ ደግሞ “የሐበሻ ዶሮ አነሰች፣ ድሮኮ እንዲህ አልነበረችም” ብለን እናማታለን። የዘር ባለሙያዎች ይህን የተገላቢጦሽ ምርጫ ይሉታል። ሰር ጆን ትንሽ ዶሮ ለማግኘት ስንት ዓመት ደከሙ፤ እኛ በዓል እያከበርን ብቻ ወደዚያው እየደረስን ነው።

የሐበሻዋ የምታሳዝነው ደግሞ እንዲሁ የመጣች ዶሮ ስላልሆነች ነው። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በሚባል ሥፍራ በቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚመደብ ሲሆን፣ በአፍሪካ ምድር ከተገኙት የለማዳ ዶሮ አጥንቶች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ነው። አክሱም ገና ሳይገን ዶሮ ነበረን። ያን ያህል ዘመን ያለ ሐኪም፣ ያለ መኖ፣ ያለ አምፖል ስትኖር የተማረችው ብዙ ነው። እንቁላሏ በዓመት ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው፤ የፈረንጇ ሦስት መቶ ገደማ ትጥላለች። ነገር ግን ጭልፊት ሲያንዣብብ የፈረንጇን አይቷት የሚያውቅ ሰው ይመስክር፤ ቀና ብላ ታየዋለች፣ እንግዳ የመጣ ይመስላታል። የሐበሻዋ ገና ጥላው ሲያልፍ ጫጩቶቿን ጠርታ ቁጥቋጦ ሥር ገብታለች። ሃያ አንድ ቀን ታቅፋ ራሷ ትፈለፍላለች፣ ራሷ ጭራ ታበላለች፣ ሲመሽ ራሷ ቆጥ ላይ ትወጣለች። መላጣ አንገቷ ደግሞ ላባ ስለሚጎድላት ሙቀት አያስጨንቃትም፤ ለቆላ የተሠራች ናት፤ እኛ ግን ገበያ ላይ መላጣ ናት ብለን ዋጋዋን እናራክሳለን።

የተገላቢጦሹን ወደ ቦታው መመለስ እንደሚቻል ያሳዩም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የሆሮ ዶሮዎችን ከወለጋ አምጥተው፣ ምርጦቹን ለቢላዋ ሳይሆን ለዘር እያስቀሩ አራቧቸው። በጥቂት ትውልድ ውስጥ እንቁላላቸውም ክብደታቸውም ጨመረ። አዲስ አስማት የለውም፤ ትልቁን አልበሉትም፣ ይኸው ነው።

“ታዲያ እንደ ጤፉና እንደ ማሽላው ዘር ባንክ አስገብተው አያስቀምጡትም?” የሚል ይኖራል። ዘር በጎተራ ይቀመጣል፤ እንቁላል ግን ከሳምንት ከአሥር ቀን ካለፈው ለመፈልፈል አይታመንም፣ በረዶ ውስጥ ቢገባም ይሰነጠቃል። የአውራ ዶሮውን ዘር ማቀዝቀዝ ይቻላል። ግን የዶሮ ነገር ከእኛ ይለያል። የጫጩቱን ጾታ የምትወስነው እናቲቱ ናት፤ ሴት የሚያደርገው ክሮሞዞም ያለው እሷ ዘንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የአባትየውን ዘር ብቻ ያስቀመጠ ሙሉውን አላስቀመጠም። (ሴት ብቻ ወለድሽብኝ ብሎ ሚስቱን የሚከስ ባል አውራ ዶሮ ቢሆን ኖሮ ክሱን ሳይንስ ይደግፍለት ነበር። ሰው ስለሆነ ግን ይረታል።) ዶሊ የተባለችው በግ የተሠራችበት የኤድንብራው የሮዝሊን ተቋም ሳይንቲስቶች መላ አግኝተዋል፤ የዘር ሕዋሶችን ገና ከፅንሱ ወስደው ያቀዘቅዙና በኋላ የሌላ ዝርያ ዶሮ ፅንስ ውስጥ ይከታሉ፤ ያቺ ዶሮ አድጋ የሰው ልጅ ትወልዳለች፣ ማለቴ የሌላ ዝርያ እንቁላል ትጥላለች። ድንቅ ነው። ውድም ነው።

ርካሹ መንገድ የጡረተኛው ሹፌር መንገድ ነው። እሱና ጓደኞቹ አውራ ዶሮ ይዋዋሳሉ፣ እኅትና ወንድም እየተጋቡ ዘሩ እንዳይመክን ነው። እንቁላል በፖስታ ይላላካሉ፤ አዎ፣ በፖስታ። የወፍ ጉንፋን አንዱን ጓሮ ባዶ ቢያደርገው ዘሩ በሌላው ጓሮ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በዚሁ በሽታ ምክንያት ውድድራቸው በተደጋጋሚ ሲታገድ ቤታቸው ተቀምጠው ዶሮ ማጠቡን አልተዉም አሉ።

ይህን ስተርክላቸው እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ይሄማ ርቢ ነው” አሉ። እናታቸው መንዝ ሳሉ ቄብ ዶሮ ለጎረቤት በርቢ ይሰጡ ነበር፤ ጎረቤት ያሳድጋል፣ ጫጩት እኩል ይካፈላሉ። አንድ ክረምት ፈንግል ገብቶ ቆጡ ባዶ ሆነ። ወንዝ ማዶ ያለችው የርቢዋ ዶሮ ግን ተርፋ ኖሮ፣ ከእሷ ጫጩት ሁለት አምጥተው እንደገና ቤት አቆሙ። “ሳይንስ ይሁን ምን ይሁን አናውቅም ነበር” አሉ እትዬ። “እናቴ ግን አንድ ነገር ታውቅ ነበር፤ ለዘር የተያዘ አውራ ዶሮ ጳጳስ ቢመጣም አይታረድም።”

ይግባኜ እዚህ ላይ ተሰማልኝ እላለሁ። ጥጋብ የተባለው ነገር መንዝም ነበር፤ ላባ ማድረቂያ ብቻ ነው የጎደለው።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቆጥ ሥሩ አልልም፤ ከጎረቤት ኮሚቴ ጋር አታጣሉኝ። የምለምነው ትንሽ ነው። ለመጪው በዓል ገበያ ስትወጡ ያን ቀይ፣ ያን ደረተ ሰፊ፣ ያን ባለ ግርማ አልፋችሁ ከጎኑ ያለውን ሁለተኛውን ግዙ። ወጡ አያውቅም፤ ሽንኩርቱና ቅቤው ልዩነቱን ይሸፍኑታል። ገጠር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ አንድ እርምጃ ጨምሩ። በስልክ ደውላችሁ “ትልቁን አውራ ዶሮ ለዘር አቆይልኝ” በሉት። ገበሬ በባዶ እጁ ዘር ጠብቅ ቢሉት አይጠብቅም፣ ልክም ነው። የገበያውን ዋጋ ጠይቁና ሳትከራከሩ ላኩለት፤ ዶሮውን ግን እዚያው ተዉለት።